ከምክርና ከመከራ መካከል

«ምከረው፥ ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ያገራችን ሰው። ወጣቶችን ስለ ማረም እስከ ዛሬ የያዝነው ሥርዓት በዚህ ተረት ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል። አባት ይመክራል፥ የንስሐ አባት ይመክራል፥ መምህር በሰልፍ ላይ ይመክራል፤ ልጁ ካልሰማ ግን እጃችንን አጣጥፈን የመከራን ተራ እንጠብቃለን። መከራ አስተማሪ መሆኑን አንክድም። ዳሩ ግን የሚያስከፍለው ዋጋ እጅግ ውድ ነው፤ አንዳንዱንም ተማሪ አስተምሮ ሳይጨርስ ይቀብረዋል። በዚህ እትም ለአንባብያን የምናቀርበው ሐሳብ፥ በሁለቱ መካከል የሚቆም ሦስተኛ አስተማሪ አለ የሚል ነው፤ ይኸውም በሚገባ ተሠርቶ በሚገባ የሚታይ ትምህርታዊ ፊልም ነው።

ነገሩን ከደጃችን እንጀምር። ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ፥ በወልድያ መንገድ ላይ የምትገኘውን ገሳይንና አካባቢዋን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፦ የጉና ግርጌ ገበሬ ልጁን ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ከከተማ አንዲት ክፍል ይከራይለታል። የአሥራ አምስት ወይም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ድርቆሽና ሽሮ ተሸክሞ ይመጣና ያለ እናት ያለ አባት ራሱን ያስተዳድራል። ሲመሽ የሚጠብቁት አረቄ ቤቱ፥ ጫቱና የጓደኛ ግፊት ናቸው። ሴት ልጅ ከሆነች ፈተናው እጥፍ ነው። በአንድ በኩል «የቤት ኪራይሽን እችልልሻለሁ» የሚል ሰው ይከተላታል፤ በሌላ በኩል ወሬው ከገጠር የደረሰ እንደ ሆነ ቤተ ዘመድ «ሳትበላሽ እንዳራት» ብሎ ይመክርባታል። ከአደጋ ሊያድኗት ብለው ወደ ሌላ አደጋ ይጥሏታል።

ሕግ አልጎደለንም። የቤተ ሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን እስከ ሦስት ዓመት፥ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ስትሆን ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ደንግጓል። ይሁን እንጂ አዋጅ በኪራይ ቤት በር አንኳኩቶ ገብቶ ልጅን አያነጋግርም።

ፊልም ግን ገብቷል። በስልክ ላይ ፊልም የሚጭን ሱቅ የሌለበት የገበያ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ጥያቄው ልጆቻችን ፊልም ይዩ ወይስ አይዩ የሚለው አይደለም፤ ምን ያያሉ፥ ካዩስ በኋላ ከማን ጋር ይነጋገሩበታል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ «ትምህርት በፊልም አዲስ ነገር አይደለም፤ ፕላዝማውን አይተነዋል» የሚሉን ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የተተከለው ፕላዝማ ትልቅ ትምህርት ትቶልናል። ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርድ ነበር። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አያየውም፤ መምህሩም ትምህርቱን አቁሞ ሊያስረዳው አይችልም ነበር። ጥፋቱ የመስተዋቱ አልነበረም፤ ተናጋሪው የማይሰማ፥ ሰሚው የማይናገር መሆኑ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ማስፈራራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ «ስኬርድ ስትሬት» የተባለ ፊልም ወጣ። አስቸጋሪ ወጣቶች ወደ ወህኒ ቤት ተወስደው እስረኞች ሲጮኹባቸውና ሲያስደነግጧቸው ያሳያል። ፊልሙ ኦስካር ተሸለመ፤ ዘዴውም በብዙ ቦታ ተቀዳ። ቆይቶ ግን ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ያወዳደሩ ጥናቶች ሲደመሩ፥ በዚያ ዘዴ ያለፉት ልጆች ካላለፉት ይልቅ ወንጀል ሠርተው ተገኙ። የተዋረደ ልጅ ፍርሃቱን በእልክ ይወጣዋልና ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። እንግዲህ የበሰበሰ ጉበትና የሬሣ ሥዕል እያሳየን ልጆችን እናርማለን የምንል ሁሉ ቆም ብለን ማሰብ አለብን።

ታዲያ የሚሠራው የትኛው ነው? ምስክሩ በአገራችን አለ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ በ257 ክፍሎቹ ስለ ኤች.አይ.ቪ፥ ስለ ቤተ ሰብ ምጣኔና ስለ ጠለፋ አስተምሯል፤ አድማጮችም በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጽፈዋል። በ2005 ዓ.ም. የጀመረው «የኛ» ደግሞ የልጃገረዶችን ችግር በድራማና በዘፈን ለክልላችን ጭምር አሰምቷል። በናይጄሪያም ተመራማሪዎች «ሹጋ» የተባለውን የወጣቶች ድራማ ሰብስበው ያሳዩአቸውን ወጣቶች ከወራት በኋላ ሲጠይቁ፥ የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ያደረጉት ካላዩት እጥፍ ያህል ሆነው ተገኝተዋል። ምሥጢሩ ግልጽ ነው። እንዲህ ባሉት ታሪኮች ውስጥ መልአክም ሰይጣንም ያልሆነ፥ የሚያመነታ፥ የሚወድቅና የሚነሣ ሰው አለ፤ ተመልካቹም ራሱን የሚያገኘው በእርሱ ነው።

ፊልም ብቻውን ዳቦ እንደማይሆን እናውቃለን። በ1996 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» የልጃገረዶችን ጋብቻ ለማዘግየት ሲነሣ ወላጆችን አወያየ፥ ለልጆቹም የትምህርት መሣሪያ ሰጠ፥ ልጃቸውን ሳይድሩ ላቆዩ ቤተ ሰቦችም ሽልማት ሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት እንዲቆዩና ጋብቻቸው እንዲዘገይ ረድቷል። ከዚህ የምንማረው፥ የልጅቱን ዕድል የሚወስኑት ሌሎች ሲሆኑ ልጅቱን ብቻ ማስተማር ከንቱ መሆኑን ነው። ፊልሙን ማየት ያለበት አባትም፥ አከራይም፥ ባለ አረቄ ቤትም ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረታችን የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፥ የሥነ ጽሑፍና የጤና ተማሪዎች ተባብረው፥ ስለ ኪራይ ቤት ተማሪ ኑሮ ከሩብ ሰዓት የማይበልጡ አጫጭር ታሪኮችን በፋርጣ ሰው አነጋገር ይጻፉ፤ የሚቀርጽ ስልክ በየኪሳችን አለ። ሁለተኛ፥ ፊልሙ ከመካከሉ ይቁምና «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ለወሬው ከፊልሙ የበለጠ ጊዜ ይሰጠው። ሦስተኛ፥ ለወላጆች በገበያ ቀን ለብቻው ይታይ። አራተኛ፥ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የተነሣው ጦርነት የብዙ ትምህርት ቤቶችን ደጅ ዘግቶ ስለ ነበር፥ ከትምህርት የተለየው ልጅ እንዳይረሳ ፊልሙን በየሱቁ በነጻ እናስጭን። አምስተኛ፥ ከስድስት ወር በኋላ ያዩትንና ያላዩትን ጠይቀን ውጤቱን፥ ቢያሳፍረንም እንኳ፥ በዚህችው ወረቀት እናትም።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየወጡ ያስተምሩ ነበር። እኛ ግን ብዙ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም፤ ብዙዎቻችን በዚያው ኪራይ ቤት ድርቆሽ በልተን ያደግን ነን። ቋንቋውን እናውቃለን፥ ችግሩንም እናውቃለን። መከራ ተራውን ጠብቆ አይመጣም፤ እኛም ተራችን እስኪደርስ ልንቀመጥ አይገባንም።