አሮጌ መኪናን ከሌባ ስለ መጠበቅ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ውርጌሳ መንገደኛ የሚያልፍባት፤ አንዳንዱም የሚያድርባት ከተማ ናት። አዳሪው መኪናውን ደጅ አቁሞ ሲተኛ በሩን መቈለፍ ብቻ በቂ ጥበቃ ሊመስለው አይገባም። የብዙ አሮጌ መኪናዎች ኮፈን ያለ ቍልፍ ከውጭ የሚከፈት ስለ ሆነ፤ ባትሪውን ፈትቶ ለመውሰድ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የ2012 ዓ.ም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ከጣለ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፤ በእጅ ያለው መኪና በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗል።

ስለዚህ ባለቤቱ ኮፈኑን በሰንሰለትና በቍልፍ ያጥብቅ፤ ዘበኛ ባለበት ግቢ ያሳድር፤ በባትሪውና በዲናሞው ላይ የሰሌዳውን ቍጥር ይቅረጽ።

ነገር ግን ሌባውን የሚያበረታው ገዢው ነው። ምንጩን ሳይጠይቅ በርካሽ የሚገዛ ሰው የጎረቤቱን ኮፈን በገንዘቡ እንደ ከፈተ ይቈጠራል። የተሰረቀን ዕቃ እያወቀ የሚገዛውንም የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ ይቀጣዋል፤ ቍጥር የተቀረጸበትን ዕቃ የገዛ «አላወቅሁም» ቢል ማን ያምነዋል? ዛሬ የሰው ዕቃ በርካሽ የገዛ፤ ነገ የራሱን ከዚያው ገበያ በውድ ይገዛል።