ፎርማት ከማድረጋችን በፊት

አዲስ ላፕቶፕ በተገዛ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሥራ መካከል በድንገት ቀጥ ሲል፣ ስክሪኑ ቀለሙን ለውጦ ለመረዳት የሚያስቸግር የስህተት ጽሑፍ ሲያሳይ ወይም ራሱን አጥፍቶ እንደገና ሲነሳ፣ ለባለቤቱ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ» የሚል። በእኛ አስተያየት ይህ ምክር ሕመምተኛው ሳይመረመር እንደሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ፎርማት ማድረግ የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን አይገባውም እንላለን።

ለምን ቢባል፣ ፎርማት በቅድሚያ የሚያጠፋው ማስረጃን ነው። የዊንዶውስ ሲስተም ሥራ ሲያቋርጥ የስህተቱን መለያ፣ ሰዓቱንና ብዙውን ጊዜ በወቅቱ በሚሞሪ ውስጥ የነበረውን መረጃ ከፊሉን በፋይል መዝግቦ ያስቀምጣል። ይህ ሁሉ ከዲስኩ ጋር አብሮ ይጠረጋል። በተጨማሪም ፎርማት በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ነገሮችን ይለውጣል። ስለሆነም ችግሩ ቢወገድ እንኳ መንስኤው ምን እንደነበረ አናውቅም፤ ጥፋተኛው ድራይቨር እንደገና ሲጫን ችግሩም አብሮት ይመለሳል። ጉድለቱ የሃርድዌር ከሆነ ደግሞ ፎርማቱ ከድካም በስተቀር የሚያስገኘው ውጤት የለም።

በቤተ ሙከራ ውስጥ የዘፈቀደ ስህተትን ከቋሚ ስህተት መለየት ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶቻችን አንዱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተከስቶ የማይደገም ብልሽት ለምርመራ አይመችም፤ የሚደጋገም ብልሽት ግን ለመርማሪው ዕድል ይሰጠዋል፤ የሚደጋገምበት ሁኔታ አለና። በመሆኑም የመጀመሪያው መሣሪያ ደብተርና እርሳስ ነው። ብልሽቱ በተከሰተ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ፣ የስህተቱ መለያ፣ ተከፍተው የነበሩት ፕሮግራሞች፣ ላፕቶፑ በባትሪ ወይም በቻርጀር ይሠራ እንደነበረ፣ ሰውነቱም ሞቆ እንደነበረ ይመዝገብ። አምስት ወይም ስድስት መዝገቦች ሲሰበሰቡ መለያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ወይም መለዋወጡ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ያው መለያ ከተደጋገመ ጥርጣሬው ወደ አንድ ድራይቨር ያዘነብላል፤ መለያው ዘወትር ከተለዋወጠ ሚሞሪውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግሩን ለሁለት መክፈል ነው። ላፕቶፑ በጣም አስፈላጊ በሆኑ ድራይቨሮች ብቻ በሚሠራበት በሴፍ ሞድ ቢነሳ ብልሽቱ ይደገማልን? ከፍላሽ ላይ በሚነሳ የሊኑክስ ሲስተም ለረጅም ሰዓት ቢሠራስ? በሁለቱም ከተደገመ ሃርድዌሩ፣ በሁለቱም ከጠፋ ደግሞ በዊንዶውሱ ላይ የተጫነ ነገር ይበልጥ ይጠረጠራል። ዊንዶውስ የራሱ የሚሞሪ መፈተሻ ስላለው እርሱን ሌሊቱን ማሠራት ወጪ አይጠይቅም። ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ለውጠን ችግሩ ለአንድ ቀን ቢጠፋ «ተገኘ» ለማለት አንቸኩል። ብልሽቱ በአማካይ በ2 ቀን አንድ ጊዜ በዘፈቀደ የሚከሰት ነው ብንል፣ ምንም ሳንለውጥ አንድ ቀን በሰላም የማለፉ ዕድል 61 በመቶ ያህል ነው። ስድስት ቀን በሰላም የማለፉ ዕድል ግን 5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአማካዩ ጊዜ ቢያንስ ሦስት እጥፍ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አንድ ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዞር የሚያሳልፈው የአየር መጠነ ቁስም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጤናማ ላፕቶፕ ይህን መቋቋም አለበት፤ ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበቃውም ራሱን ያጠፋል። ነገር ግን በብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠን የአየር ማስገቢያውን ከደፈንንበት የራሳችንን ስህተት የማሽኑ ጉድለት አድርገን ልንመዘግብ እንችላለን።

ምርመራ ከጅምላ ጥረጋ እንደሚበልጥ ዓለም ያየው ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጭ አደረገ። በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ። በኮምፒውተሮቹ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም፤ ሃርድዌራቸውም ጤነኛ ነበር። መንስኤው ከታወቀ በኋላ ለብዙዎቹ መፍትሔ የሆነው በሴፍ ሞድ አስነስቶ አንድን ፋይል መሰረዝ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፉን ማስረከቢያ ቀን የደረሰበት ተማሪ «ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ላምጣ?» ቢል እንረዳዋለን። እርሱ ከሁሉ በፊት ሥራውን በሌላ ቦታ ይገልብጥ፤ ጽሑፉንም በሌላ ኮምፒውተር ይጨርስ። ለቀሩት ግን ጊዜ የሚያልቀው ሳይመረመር ሲቀር ነው። የአዲስ ዕቃ የመመለሻና የዋስትና ጊዜ ይቆጠራል። በተለይ ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገሮች በዘመድ እጅ የመጣ ላፕቶፕ ተመልሶ የሚሄድበት መንገድ ጠባብ ነው። ወላጆች ወራት ያጠራቀሙበት ዕቃ ሦስት ጊዜ ፎርማት ሲደረግ ከርሞ፣ የሚሞሪው ጉድለት ዋስትናው ካበቃ በኋላ ቢታወቅ ክስረቱ የቤተሰቡ ነው። በዋስትና ጊዜ ውስጥ ላፕቶፑን ፈትቶ መነካካትም ዋስትናውን ሊያሳጣ ስለሚችል አይመከርም። በአንጻሩ ቀንና መለያ የሰፈረበት መዝገብ ይዞ ወደ ሻጩ የቀረበ ደንበኛ በቀላሉ «ፎርማት አድርገውና ተመለስ» ተብሎ አይሸኝም።

እነዚህ ሁሉ እርምጃዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ አይጠይቁም። መመዝገብን፣ ለሁለት መክፈልን፣ አንድን ነገር ብቻ መለወጥንና መጠበቅን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በፊዚክስ ክፍሉ ይማራቸዋል። በቤተ ሙከራ የምናከብረውን ሥርዓት በገዛ ጠረጴዛችን ላይ ባለው ማሽን ላይ ካልተጠቀምንበት ግን ለፈተና ብቻ እንደተማርነው ይቆጠራል።