ሂሳቡ ለዘፋኙም ይታይ

ትክል ድንጋይ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። አብዛኛው ሥራዬ የእኩል እርሻ ውል ነው። ዛሬ ዛሬ ግን ጎንደር ሄደው ዘፈን ያስቀረጹ ወጣቶች፣ «ጋሼ፣ ከመፈረሜ በፊት ይዩልኝ» እያሉ ይመጣሉ።

አንዱ ያመጣው ውል ለዘፋኙ ከትርፉ 40 በመቶ ይሰጣል። ድርሻው መልካም ነው። ነገር ግን የክሊፑ፣ የቅንብሩና የማስታወቂያው ወጪ ቀድሞ ይቀነሳል ይልና ለወጪው ጣሪያ አያበጅለትም፤ ደረሰኝም አይጠይቅም። የዩቲዩብ ቻናሉ የአሳታሚው ነው፤ ምን ያህል እንደገባ የሚያየው እሱ ብቻ። ታዲያ 40 በመቶ የምን?

ባለመሬትና እኩል አራሽ እንዲህ አይዋዋሉም። ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፣ ከምርቱ ቀድሞ ይነሳ አይነሳ እንደሆነ ሞፈር ሳይነካ ይነጋገራሉ። እህሉ ሲሰፈርም ሁለቱም አውድማው ላይ ናቸው።

አሳታሚን በጠላትነት አላይም። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአገር ፍቅር ማኅበርን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍቶ ሸክላ ባያሳትም ኖሮ የእነ ዓለማየሁ እሸቴን የወጣትነት ድምፅ ዛሬ ባልሰማን ነበር። ገንዘቡን አውጥቶ ኪሳራውን የሚሸከም ሰው ድርሻ ይገባዋል። በካሴቱ ዘመን ግን ብዙ ድምፃውያን ሥራቸውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጠው ወጡ፤ ካሴቱ ስንት ጊዜ እንደተባዛ የነገራቸው የለም። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ የከፈቱት ሙዚቃ በስልክ ሲሸጥ ባለሙያው ድርሻውን እንዲያገኝ ነበር። አዋጅ 410/1996 ለሥራው አመንጪም ለከዋኙም መብት ሰጥቷል፤ ማሻሻያው አዋጅ 872/2007 ስለ ሮያሊቲ አሰባሰብ ደንግጓል። ይሁንና ሂሳቡን የማየት መብት ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ፣ አዋጁን ይዞ ችሎት የሚቆመው ልጅ ስንት እንደቀረበት እንኳ መናገር አይችልም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። የቻናል ባለቤት ለሌላ ሰው ማየት ብቻ የሚያስችል ፈቃድ መስጠት ይችላል፤ ገቢ የሚያሳይም የማያሳይም አለ፣ ለዘፋኙ የሚያሳየው ይሰጠው። ወጪው በደረሰኝ ይረጋገጥ፤ ከተስማሙበት መጠን ያለፈው በዘፋኙ ፈቃድ ብቻ ይቀነስ። ሂሳቡ በየሦስት ወሩ በጽሑፍ ይቅረብ።

ውሉን ያመጣው ልጅ ይህን ይዞ ወደ አሳታሚው ተመልሶ ነበር። አሳታሚው ደረሰኙን ተቀበለ፤ ገቢውን ማሳየቱን ግን «አታምነኝም ወይ?» ብሎ እምቢ አለ። እኔም እንዳትፈርም ብዬዋለሁ።