ቁጠባው ከሚያፈሰው ይጀመር

በኮሌጃችን መታጠቢያ ቤቶች «ውኃ ቆጥቡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ግን ከወረቀቱ አጠገብ ያለው ሽንት ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈስ ያድራል።

የምኖረው አሌክሳንድራ ነው። እዚህ ብዙ ቤተሰብ በአንድ የግቢ ቧንቧ ይጠቀማል፤ ውኃ ሲጠፋ ባልዲ ይዞ መሰለፍ ነው። ጆሃንስበርግ ከምትጠቀመው ውኃ ከፊሉ ከሌሶቶ ተራሮች፣ ከካትሴ ግድብ፣ በመሬት ውስጥ ዋሻ የሚመጣ ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ባረጀ ጎማ ምክንያት ወደ ፍሳሽ መግባቱ ያሳዝናል።

ነርሲንግ ስለምማር አንድ ነገር ያሰጋኛል፦ ቁጠባ ሲባል እጅ መታጠብ እንዳይቀንስ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኮሌራ አሌክሳንድራም ደርሶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቡ ይላል። ጊዜውን አናሳጥር፤ በሳሙና ስናሽ ግን ቧንቧውን እንዝጋ።

ኬፕታውን በ2018 ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ የፈቀደችው ግድቦቿ ሊደርቁ ሲሉ ነው። እኛ እስከዚያ መጠበቅ የለብንም። ማኅበራችን አንድ ቅዳሜ ይመድብ። በየሽንት ቤቱ የውኃ ታንክ ውስጥ የምግብ ቀለም እንጨምርና ውኃ ሳንለቅ ሩብ ሰዓት ያህል እንጠብቅ፤ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ሳህን ከወረደ ያፈሳል ማለት ነው። ዝርዝሩን ለጥገና ክፍል እንስጥ፤ በሳምንቱ ተመልሰን መጠገኑን እንይ። ቀለሙን እኔ አመጣለሁ።