ስለ ሬዚን ብናኝ፤ ወተት ሳይሆን ውሃ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙዎቹ የሠፈሩ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ስለዚህ አንድ መምህር እነዚያን ቤቶች፥ ወይም በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ፥ በትንሽ አምሳያ ተማሪዎቹን ቢያሠራ ታሪክን በእጅ ማስተማር ነውና ምስጋና ይገባዋል። የምንነቅፈው አምሳያውን ሳይሆን አሠራሩን ነው።

ሬዚን ማለት በፈሳሽነቱ ቅርጽ ውስጥ ገብቶ በኋላ የሚጠጥር ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው። ከቅርጹ ሲወጣ ጠርዙ ትርፍ ይዞ ስለሚወጣ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅና ማለስለስ ግድ ይሆናል። ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ሲሆን፥ ከሚፋቀው ብናኝ ውስጥ ከ10 ማይክሮን የሚያንስ አለ። ይህ ለዓይን አይታይም፤ በአየር ላይ ለብዙ ጊዜ ይንሳፈፋል፤ እጅግ የደቀቀውም እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ድረስ ይዘልቃል። በነጠላ አፍንጫን መሸፈን አይበቃም፤ የሽመናው ቀዳዳ ለዚህ ብናኝ እንደ በር ሰፊ ነውና።

በመኪና ላይ ስቱኮ የሚያለሰልሱ ሠራተኞች ዘንድ፥ ከሥራ በኋላ ወተት የጠጣ ሰው ሳንባው ይጠራል የሚል እምነት አለ። ወተት መልካም ምግብ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው። ብናኙ ያለው በሳንባ ነው። ይህ እምነት ሰውን ከጥንቃቄ ስለሚያዘናጋው ከብናኙ ያላነሰ ጎጂ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የሚሻለው ውሃ ነው። በውሃ የማይበተነውን ጥቁሩን ብርጭቆ ወረቀት በሳህን ውሃ እየነከሩ፥ በጀርባው ከተጻፈው ቍጥር 240 ጀምሮ ወደ 400፥ ከዚያም ወደ 600 እያለፉ ቢያለሰልሱ ብናኙ ጭቃ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይነሣም። ሥራውም ያምራል፤ ወረቀቱ በትርፍራፊ ቶሎ አይደፈንምና። ጭቃው ሲዘቅጥ በጨርቅ ተጠርጎ ይጣል እንጂ የወጥ ዕቃ በሚታጠብበት ገንዳ አይደፋ። ጠረጴዛውም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ደረቅ መጥረጊያ የተቀመጠውን መልሶ ያስነሣል።

ገና ያልጠጠረ ሬዚን ግን በምንም መንገድ አይፋቅ። በጣት ሲነኩት የሚያጣብቅ ከሆነ ቆዳን ያስቆጣል፤ በተለይ ኤፖክሲ የሚባለው ዓይነት ሰውነቱ አንድ ጊዜ ከተቈጣበት በኋላ ጥቂት ሲነካው እንኳ ሽፍታ የሚያወጣበት ሰው አለ። እጅን የነካ እንደሆነ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ በቤንዚን መታጠብ ቆዳውን የባሰ ይጐዳዋል።

መምህራንን አጥብቀን የምንለምነው ይህን ሥራ የቤት ሥራ አድርገው እንዳይሰጡ ነው። በከተማችን ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በአንድ ክፍል ነው፤ ተማሪው በሚፋቅበት ጠረጴዛ አጠገብ እንጀራ ይቀመጣል፥ ሕፃን ይተኛል። ማለስለሱ በትምህርት ቤት፥ መስኮት ተከፍቶ፥ የውሃ ሳህን ቀርቦ፥ መምህሩ ቆሞ እያየ ይሁን። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ባልዲና ጥቂት ጨርቅ ብቻ ነው።