መሣሪያው ከመከፈቱ በፊት

በአዲስ አበባ ዝናብ በሚወርድባቸው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት የጅቡቲ ከተማ በሙቀት ትነድዳለች። የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ የሚወጣባቸው ቀናት ብዙዎች ናቸው፤ ካምሲን የተባለውም ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ ተነሥቶ አቧራውን በየቤቱ ይበትነዋል። በዋራበሌ ሰፈር፣ ጣራው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ በቀትር መቀመጥ ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል። ሰው ግን ጥላ ፈልጎ ይሸሻል፤ ውሃም ይጠጣል። ኮምፒዩተርና ተንቀሳቃሽ ስልክ ይህን ማድረግ ስለማይችሉ በእነዚህ ወራት ይታመማሉ። የእኔ አስተያየት፣ የብዙዎቹ ሕመም ከአየሩ የመጣ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ በሌላ ቦታ ይፈለጋል የሚል ነው።

በዚሁ ሰፈር የማውቃት፣ በሰው ቤት ምግብ እያበሰለች የምትተዳደር አንዲት ኢትዮጵያዊት አለች። ስልኳ ቀትር በሆነ ቁጥር ይዘገይና በመጨረሻ በራሱ ይጠፋ ነበር። ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደችው። ጠጋኙም ምንም ሳይጠይቃት «ፎርማት ይደረግ» አለና በውስጡ የነበረውን ሁሉ ደመሰሰው። በሞት የተለየቻት እናቷ ብቸኛ ፎቶግራፍ በዚያ ስልክ ውስጥ ነበር። በማግሥቱ ቀትር ላይ ስልኩ እንደ ልማዱ ጠፋ፤ የሚቀመጠው ከምድጃው አጠገብ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ነበርና።

በእርግጥ ፎርማት ማድረግ የመሣሪያው ፕሮግራም ሲበላሽ ወይም ቫይረስ ሲገባበት የሚጠቅም ሥራ ነው። ሙቀትን ግን አያበርድም። ለምሳሌ ያህል አፕል የተባለው ኩባንያ ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው አየር ውስጥ እንዲያገለግሉ የታሰቡ መሆናቸውን ይገልጻል። እንግዲህ የጅቡቲ ሐምሌ ከዚህ ወሰን ያለፈ ነው። ሙቀቱ ሲበዛበት ስልኩ ራሱን ለማዳን ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባትሪ መሙላቱን ያቆማል፤ ካልሆነለትም ይጠፋል።

ስለዚህ መሣሪያ በራሱ ሲጠፋ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የት ሆኖ ነው የሚጠፋው? በስንት ሰዓት?» ተብሎ ነው። ሌሊት በደኅና እየሠራ ቀን የሚጠፋ ከሆነ ሙቀትን መጠርጠር ይገባል። ስልኩን ከሽፋኑ አውጥቶ፣ ከባትሪ መሙያው ነቅሎ፣ በጥላ ሥር ማኖር ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ላፕቶፕ ከሆነም ፍራሽ ላይ ተቀምጦ የአየር ማስገቢያው ታፍኖ እንደሆነ ይታይ። አጥፍቶና ከሶኬት ነቅሎ በማራገቢያው ቀዳዳዎች ላይ የተጋገረውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ዕቃ ግዢ ያድናል።

አንዳንድ ሰዎች የጋለውን ስልክ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከቱታል። ይህ ከሕመሙ የከፋ መድኃኒት ነው። ጅቡቲ የባሕር ዳር ከተማ በመሆኗ አየሩ እርጥበት ያዘለ ነው፤ የቀዘቀዘ ዕቃ ወደዚህ አየር ሲወጣ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ብርጭቆ ላይ እንደምናየው ያለ ጤዛ በውጭም በውስጥም ይቋጥራል። ውሃ የነካውን ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበርም እንዲሁ ነው፤ አፕል በ2024 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሩዙ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ እንደሚችል በመግለጽ ይህ እንዳይደረግ መክሯል። የባሕሩ ጨው ደግሞ ሽቦ የሚሰካበትን ቀዳዳ ብረቶች ያዝጋል። ስልኩ ባትሪ አልሞላ ሲል ባትሪው ሞተ ከማለት በፊት በሌላ ሽቦ መሞከር ይበጃል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ኃይሉ ለቅጽበት ከመጠን በላይ ሊወጣ ስለሚችል፣ መብራት እንደ ጠፋ ኮምፒዩተሩን ነቅሎ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነው።

ወደ ባለሙያ መሄድ ግድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ባትሪው አብጦ የስልኩን ጀርባ ወይም መስተዋቱን መግፋት ሲጀምር፣ ባለቤቱ ሊከፍተውም ሆነ ሊወጋው፣ ኃይልም ሊሞላው አይገባም፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። ያን ጊዜም ቢሆን መሣሪያውን ከማስረከብ በፊት፣ ስልኩ ባያብጥና መብራት የሚችል ከሆነ፣ ፎቶግራፎቹን ወደ ሌላ መሣሪያ መገልበጥ፣ የቤተ ሰብን ቁጥሮች በደብተር መጻፍ፣ ጠጋኙንም «የምትሠራው ሥራ በውስጡ ያለውን ያጠፋዋልን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠጋኙ ይህን ሳይጠየቅ ራሱ ቢናገር የተሻለ ነበር፤ ከሥራው አንዱ ክፍል እንዲሆን ብንጠይቀውም አልበዛበትም።

ያች ሴት ስልኳን ከመስኮቱ አንሥታ ጓዳ ውስጥ፣ ከውሃው እንስራ ራቅ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ስልኩም እስከ አሁን ይሠራል።