ፈቃድ አለው ተብሎ ሐላል አይሆንም

ባለፈው ሳምንት ከተራዊህ በኋላ አንድ አባት ጥግ ይዘው ጠበቁን። ልጃቸው ከጎረቤት የተበደረውን ገንዘብ በስልኩ ቤቲንግ ሲቆርጥ ጨርሶታል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «ዕዳው ከጀመዓው ዘካ ሊከፈል ይችላል ወይ?»

በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች ባለዕዳዎች ይገኙበታል። በሐራም ነገር ባለዕዳ የሆነ ግን በሻፊዒ መዝሀብ መጀመሪያ ተውበት ማድረግ አለበት። ስለዚህ ልጁን አስጠራነው።

«ሼኻችን፣ ድርጅቱ እኮ ፈቃድ አለው፤ ግብርም ይከፈላል» አለን።

አልዋሸም። የስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ እየወሰዱ ሲሠሩ ቆይተዋል። በገቢ ግብር ሕጉ መሠረትም ያሸነፈ ሰው ግብር ይከፍላል፤ የተበላው ገንዘብ ግን አይቀነስለትም። ኪሳራው የራሱ ነው። አል-ማኢዳ 90 እና 91 ላይ ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር የተከለከለው በሰዎች መካከል ጠላትነትን ስለሚዘራ፣ ከዚክርና ከሶላትም ስለሚያግድ ነው። ማኅተም ይህን አላነሳውም። ልጁ «በላሁ» ብሎ ቴምርና ሥጋ ይዞ ሲገባ ዱዓ የሚያደርጉለት ቤቶችም ይህን ይወቁ፤ በዚያ ገንዘብ አይፈጠርም።

መንግሥት ፈቃድ እስከሰጠ ድረስ ግን ጥበቃውንም እንጠይቀዋለን። ይህ ቁማርን ማጽደቅ አይደለም። በቤቲንግ ቤት በር ላይ ቢያንስ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ሊቆም ይችላል። ስልክ ላይ፣ ሲም ካርዱ በአባት ስም ከወጣ፣ የ15 ዓመት ልጅ የ50 ዓመት ሰው ሆኖ ይገባል። ተወራራጁ ራሱ መሆኑ በፋይዳ ይረጋገጥ። በወር የሚያስገባው ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው። «በቃኝ፣ ዝጉብኝ» ያለ ሰው በአንዱ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ድርጅቶች ይዘጋበት። ነጻ ውርርድ እየተባለ የሚላከው መልእክትም ይቁም፤ ልጁ ሁለት ጊዜ ትቶት እንደነበርና ሁለቱንም ጊዜ የመለሰው ይኸው መልእክት እንደሆነ ነግሮናል።

እኛ ወላጆችስ በስማችን ስንት ሲም ካርድ እንደወጣ፣ ማን እንደያዘውስ እናውቃለን? ከኢፍጣር እስከ ተራዊህ ባለው ሰዓት ልጆቻችን ስልክ ላይ አቀርቅረው ምን ያያሉ?

ልጁ ተውበት አድርጓል። ዕዳውን በእሱ ፈቃድ በቀጥታ ለጎረቤቱ እንከፍላለን፤ ገንዘቡን በእጁ አንሰጠውም። ስልኩን ለጊዜው አባቱ ይዘውታል።